ፋብሪካ ሲከፈት ሥራ የሚያገኘው ማን ነው?

አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ በተባለ ቍጥር «ስንት ሰው ይቀጥራል?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ለዚህም በጃፓን አገር፥ በኩማሞቶ ግዛት፥ ኪኩዮ በምትባል ትንሽ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. የተመረቀውን የሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ እንመልከት።

ሴሚኮንዳክተር ማለት ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ እንደ ልብ የማያስተላልፍ፥ እንደ መስታወትም ፈጽሞ የማይከለክል ነገር ነው፤ ዋነኛው ሲሊኮን ነው። ስልኩም፥ መኪናውም፥ ኮምፒዩተሩም የሚሠራው ከዚሁ በሚቀረጹ ጥቃቅን ቺፖች ነው።

ፋብሪካውን ያቆመው የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ከሶኒና ከዴንሶ ጋር ሆኖ ነው። በምረቃው ጊዜ በወጣው ዕቅድ መሠረት ሁለተኛው ፋብሪካ ሲጨመር ወጪው ከ20 ቢሊዮን ዶላር፥ ሠራተኛውም ከ3,400 ይበልጣል። ብናካፍለው ለአንድ ሠራተኛ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል! የጃፓን መንግሥትም ለሁለቱ እስከ 1.2 ትሪሊዮን የን ለመርዳት ቃል ገብቷል። ዓላማው ሥራ አጥን መቅጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በዚህ ገንዘብ ስንት የልብስና የጫማ ፋብሪካ በቆመ ነበር።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

1ኛ፤ ሥራው በአጥሩ ውስጥ አይወሰንም። ግንበኛው፥ ጋዝና ኬሚካል አቅራቢው፥ መሣሪያ ጠጋኙ፥ ምግብ ቤቱ ሁሉ ድርሻ አለው።

2ኛ፤ ከ2020 ዓ.ም. በኋላ ቺፕ በጠፋ ጊዜ የመኪና ፋብሪካዎች ሥራ አቁመው ነበር። ቺፕ በአገር ውስጥ ከተሠራ የእነዚያም ሠራተኞች እንጀራ ይጠበቃል።

3ኛ፤ ዕውቀት ይስፋፋል። የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ዓ.ም. ስለ ሴሚኮንዳክተር የሚያስተምር አዲስ ክፍል ከፍቷል።

ጉዳቱም መዘንጋት የለበትም። ፋብሪካው ለጀማሪ ባለዲግሪ በወር 280,000 የን ስለ ከፈለ፥ ያን ያህል ለመክፈል አቅም የሌላቸው ትንንሽ ድርጅቶች ሠራተኛ የማጣት ሥጋት አደረባቸው። የመሬት ዋጋ ናረ። ቺፕ ማጠብ ብዙ ውሃ ይፈጃል፤ የኩማሞቶ ከተማ ሕዝብ ደግሞ የሚጠጣው የከርሠ ምድር ውሃ ነው። ስለዚህ የሩዝ ማሳዎችን በውሃ እየሞሉ ወደ መሬት እንዲሰርግ ማድረግ የፋብሪካው ጕዳይ ጭምር ሆነ።

እንግዲህ ከቍጥሩ ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች እናንሣ፤ ሥራው ለማን ነው? ለሥራው የሚያበቃውን ትምህርት የሚሰጠው ማን ነው? ወጪውንስ የሚሸከመው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የመሐንዲስ ብቻ አይደሉም። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና አይመለከተንም የምንል ከሆነ፥ መልሱን ሌሎች ይሰጡልናል፤ ዕዳውን ግን አብረን እንከፍላለን።