ምንባብ፦ ለሁሉም የሚበቃ ብርሃን

የሚከተለውን ምንባብ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

ሕንፃ የሚሠራው ሰው እንዲገለገልበት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት እግር አይራመድም፤ በአንድ ዓይነት ዐይንም አያይም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጥቶ ከደረጃው ሥር ቢቀር፣ ያ መሥሪያ ቤት ለእርሱ ተዘግቷል ማለት ነው። ይህን እንቅፋት ማንም ሰው በቀላሉ ያየዋል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ሌላ እንቅፋት ግን አለ፤ እርሱም በአግባቡ ያልታቀደ ብርሃን ነው።

እንዲህ ያሉትን እንቅፋቶች ለማስወገድ ልዩ ልዩ አገሮች ሕግ አውጥተዋል። አሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብር ሰፊ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። በሕጉ መሠረት በተዘጋጀው የአሠራር ደንብ፣ 1 ሜትር ከፍታ ላለው መግቢያ የሚሠራ ዘንበል ያለ መወጣጫ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 9 ስለ ሕንፃዎችና አገልግሎቶች ተደራሽነት ይደነግጋል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች።

ሕግ በሩን ያስከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያሳየው ግን ብርሃን ነው። በጠራራ ፀሐይ የቆየ ሰው በድንገት ወደ ጨለማ መተላለፊያ ሲገባ፣ ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ጤናማ ዐይን ያለው ወጣት ይህን ልብ ሳይለው ያልፋል። የማየት አቅሟ የደከመ ተማሪ ግን በዚያች ቅጽበት ደረጃ ስታ ልትወድቅ ትችላለች። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። የ60 ዓመት አዛውንት ወደ ዐይናቸው ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ መፍትሔው አምፑል ማብዛት ነውን? አይደለም። ያልተሸፈነ አምፑልና የሚያንጸባርቅ ወለል ዐይንን ያጥበረብራሉ። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ለመተላለፊያ 100፣ ለመማሪያ ክፍል ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይመደባል። ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው ግን አቅጣጫው ነው። መስማት የተሳነው ተማሪ የሚያዳምጠው በዐይኑ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቢቆም፣ ፊቱና እጆቹ ይጨልማሉ፤ ተማሪውም በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ከትምህርቱ ውጭ ይሆናል። የእሳት አደጋ ደወል ሲጮህም አብሮት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ከሌለ፣ ይህ ተማሪ አደጋውን የሚያውቀው ሌሎች ሲሮጡ አይቶ ነው። የብልጭታው ፍጥነትም ልክ ሊኖረው ይገባል፤ እጅግ የፈጠነ ብልጭታ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላልና።

እነዚህን ነገሮች ለማሟላት ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የደረጃን ጠርዝ ደማቅ ቀለም መቀባት፣ ማብሪያና ማጥፊያውን በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው በሚደርስበት ከፍታ መትከል፣ አስተርጓሚው ብርሃን ፊቱ ላይ በሚያርፍበት ስፍራ እንዲቆም ማድረግ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋናው ነገር ይህ ሥራ ለችሮታ ሳይሆን ለመብት ሲባል የሚፈጸም መሆኑን መገንዘብ ነው።

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. «ሕግ በሩን ያስከፍታል» ሲባል ምን ማለት ነው?
2. አምፑል ማብዛት ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. ተማሪው «በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ከትምህርቱ ውጭ ይሆናል» የተባለው በምን ምክንያት ነው?

ለ. በሚከተሉት ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩ፦ እንቅፋት፣ ያጥበረብራል፣ ችሮታ፣ ደነገገ።

ሐ. የትምህርት ቤታችሁን መግቢያ፣ ደረጃና መማሪያ ክፍል ተዘዋውራችሁ ከተመለከታችሁ በኋላ፣ ሊሻሻል የሚገባውን ነገር በመጥቀስ ለርእሰ መምህሩ የሚቀርብ ባለ ሁለት አንቀጽ ማመልከቻ ጻፉ።