«ለስትሮክ መዳኛ ተገኘ»፦ የዘገብኩትና ሳልዘግብ የቀረሁት

ይህ ጽሑፍ ስለ ሳይንስ ዘገባ ነው። የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

አምና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለግቢያችን ሚኒ ሚዲያ የጤና ዜና የማዘጋጀት ተራ ደረሰኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አገኘሁ። በስትሮክ የተጎዱ ሰዎች አንጎላቸው ውስጥ ስቴም ሴል ተወግተው እጃቸውን ማንሳት፣ መራመድ ጀመሩ ይላል። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ተረጎምኩት። ርዕሱንም «ለስትሮክ መዳኛ ተገኘ» አልኩት። ዜናው ተወደደልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ የተቀዳውን ድምፅ ለዘመዶቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ከደብረ ብርሃን ደወሉ። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ከያዘባቸው ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሰማሁት እኮ! የት አገር ነው? ስንትስ ይፈጃል? ማሽኑንም ቢሆን እሸጠዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ የባሰውን ጨመሩልኝ። ፊዚዮቴራፒ መሄድ ትተዋል። «መርፌው ከተገኘ እጅ ሲያጣጥፉ መዋል ምን ያደርጋል?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። «ጋሼ፣ አጣርቼ እደውልልዎታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ጽሑፍ በትክክል ማንበብ የጀመርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ነው።

ስትሮክና ስቴም ሴል

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንድ የአንጎል ክፍል የሚሄድ ደም ሲቋረጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። ይህ የሚሆነው የረጋ ደም ሥሩን ሲደፍነው ወይም የደም ሥሩ ራሱ ፈንድቶ ሲደማ ነው። የደም ሥር ተደፍኖ ህክምና ሳይገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ህዋሳት እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ስሌት ያሳያል። ቆዳ ሲቆረጥ ይሽራል፣ አጥንትም ሲሰበር ይጠግናል። አንጎል ግን የሞቱበትን የነርቭ ህዋሳት እንደዚያ አይተካም። በሽተኛው ሲሻለው የምናየው በአብዛኛው የተረፈው የአንጎል ክፍል አዲስ መንገድ ስለሚለምድ ነው። ፊዚዮቴራፒም የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው።

ስቴም ሴል ተስፋ የተጣለበት ለዚህ ነው። ስቴም ሴል ገና ሥራው ያልተለየ፣ ራሱን ማባዛትና ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችል ህዋስ ነው። ከአጥንት መቅኔም ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የሞተውን የነርቭ ህዋስ በአዲስ መተካት። በምርምሩ እንደታየው ግን ከመቅኔ የሚወሰዱት ህዋሳት አንጎል ውስጥ ብዙም ሳይቆዩ ይጠፋሉ። ጥቅም ካላቸው በሚያመነጩት ንጥረ ነገር መቆጣትን በማብረድና የተረፉትን ህዋሳት በማገዝ ሊሆን ይችላል ነው የሚባለው። እኔ በዜናዬ «የሞተ አንጎል ተተካ» ብያለሁ። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው።

አሥራ ስምንቱ ሰዎች

የተረጎምኩት ዜና መነሻው እውነተኛ ጥናት ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የአንጎል ቀዶ ህክምና ሐኪም ጋሪ ስታይንበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ነው። ስትሮክ ካገኛቸው ቢያንስ 6 ወር ያለፋቸው 18 ሰዎች የራስ ቅላቸው በትንሹ ተበስቶ፣ ከለጋሾች መቅኔ የተዘጋጁ ህዋሳት በተጎዳው ቦታ ዙሪያ ተወጉ። በዓመቱ የብዙዎቹ እንቅስቃሴ በመለኪያው ከበፊቱ ተሻሽሎ ተገኘ።

ታዲያ ምን ጎደለው? ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። አሥራ ስምንቱም ህክምናው እንደተሰጣቸው ያውቁ ነበር። የጥናቱ ዋና ዓላማም አደጋ ያስከትል እንደሆነ ማየት ነበር እንጂ ማዳኑን ማረጋገጥ አልነበረም። ጭንቅላቱ ተበስቶ ህክምና የተሰጠው ሰው ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ደግሞ በርትቶ ይለማመዳል፣ ሲለኩትም የቻለውን ያህል ይሞክራል። ለውጡ ከህዋሱ ይሁን ከዚህ መለየት አይቻልም።

ተመራማሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ቀጣዩን ሙከራ በ163 ሰዎች ላይ አደረጉ። አሁን የተወሰኑት የማስመሰያ ቀዶ ህክምና ብቻ ነው የተደረገላቸው። ህዋስ አልተሰጣቸውም፤ ማን እንደተሰጠውም በሽተኞቹ አያውቁም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ተነገረ። በዋናው መመዘኛ ህዋስ የወሰዱት ካልወሰዱት የሚለይ መሻሻል አላሳዩም።

የእኔ ዜና የተሠራው አምና ነው። የጽሑፉን ቀን አላየሁም ነበር። ውጤቱ ከታወቀ ከዓመታት በኋላ የ2016ቱን ዜና «አዲስ ግኝት» ብዬ አነበብኩላችሁ ማለት ነው።

ሌሎቹስ?

«አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይሳካ ይሆናል» ብዬ ሌሎቹንም ፈለግሁ። በህንድ 120 በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከራሳቸው መቅኔ የተወሰደ ህዋስ በደም ሥር ተሰጥቷቸው፣ ህክምናው ጉዳት ባያመጣም ካልተሰጣቸው ጋር ሲወዳደር ጥቅም አልታየበትም።

ከሁሉም ያስተማረኝ ግን በ2017 የታተመው ነው። ማልቲስቴም የሚባሉ ህዋሳት ስትሮክ በያዛቸው በ1 እና በ2 ቀን መካከል በደም ሥር ተሰጡ። በአጠቃላይ ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ቁጥሩን መልሰው ሲያገላብጡት በ36 ሰዓት ውስጥ የወሰዱት የተሻላቸው መሰለ። እንግዲህ እንደ እኔ ያለ ዘጋቢ ቢያገኘው «በ36 ሰዓት ውስጥ ከደረሱ ይድናሉ» ብሎ ይጽፍ ነበር። በጃፓን ግን ይህንኑ ለመፈተን ከ200 በላይ በሽተኞች በ36 ሰዓት ውስጥ ህክምናውን ወይም ማስመሰያውን ወሰዱ። በ2024 በታተመው ውጤት ዋናው መመዘኛ አልተሳካም። ከጥናቱ በኋላ ተፈልጎ የተገኘ ቁጥር ለሚቀጥለው ጥናት ጥያቄ ይሆናል እንጂ መልስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ምርምሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሙከራው ቀጥሏል፤ አንድ ቀን ይሳካ ይሆናል። እስከዚያው ግን ተስፋውን የሚሸጡ ክሊኒኮች አሉ። አንድ የ66 ዓመት አሜሪካዊ ከስትሮክ በኋላ በተለያዩ አገሮች እየዞረ ስቴም ሴል ተወጋ። በመጨረሻ አከርካሪው ውስጥ ዕጢ መሰል እድገት ተገኘበት። ሲመረመር አብዛኛው ህዋስ የእሱ ሳይሆን የሌላ ሰው ነው። ሐኪሞቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የህክምና መጽሔት ጽፈውታል። ስለ አጎቴ ማሽን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ይህ ሰው ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኞች

ከዚህ ተነስቼ የጤና ዜና ከመጻፌ በፊት ራሴን የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. ጥናቱ መቼ ታተመ? ከዚያ ወዲህስ ምን ተገኘ?
2. የተሞከረው በእንስሳት ነው በሰው? በስንት ሰው?
3. ማወዳደሪያ ቡድን ነበረው?
4. «አደጋ የለውም» እና «ያድናል» የሚሉትን አልቀላቀልኩም?
5. ይህን የሚሰማ በሽተኛ ነገ ጠዋት ምን ያደርጋል?

አምስተኛውን ማንም አላስተማረኝም፤ ከአጎቴ ስልክ የተማርኩት ነው። እሳቸው ሳይንሱን አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ «የት ነው? ስንት ነው?» ብለው ነው። አድማጭ ዜናችንን የሚሰማው ሊወስንበት ነው።

ዜናው ውስጥ መግባት የነበረበት ጠቃሚ ነገርም ነበር። የአንድ ሰው ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ «ልክፍት ነው» እየተባለ ሰዓት መባከን የለበትም፤ ያኑኑ ወደ ሆስፒታል ነው መሮጥ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሰጣጥ ጠቃሚነቱ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነውና።

አጎቴን መልሼ ደወልኩላቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሥራ ስምንቱንም፣ መቶ ስድሳ ሦስቱንም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለህ ብታወራ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ማሽኑ አልተሸጠም። ፊዚዮቴራፒውን ግን ለሦስት ሳምንት አቋርጠውት ነበር፤ እሱን ልመልስላቸው አልችልም።

በሚኒ ሚዲያችን ማረምያ የማንበብ ልማድ የለንም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ማረምያ ቁጠሩልኝ። ቸር ይግጠመን!