ምንነቱ ያልታወቀ የባንክ ወጪ እንዴት ይመረመራል?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የገንዘብ አስቀማጩ ምስክር በእጁ የያዘው የቁጠባ ደብተር ነበር። ዛሬ ግን ለብዙው ሰው ምስክሩ ወደ ስልኩ የሚመጣው አጭር መልእክት ነው። መልእክቱም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ፣ በሲሪንቃና በመርሳ አካባቢ ማሽላውን ሸጦ፣ ወይም ልጁ ከዐረብ አገር የላከችለትን ተቀብሎ ያስቀመጠ አባት የሚያስነብበው ተማሪ ልጁን ነው። ተማሪው አሳስቶ ያነበበ እንደ ሆነ የቤተሰቡ ድካም ሊጠፋ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቃላትን እንለይ። «ዴቢት» ማለት ከሒሳብ የወጣ፣ «ክሬዲት» ማለት ወደ ሒሳብ የገባ ነው።

የማናውቀው ወጪ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል፤ ይኸውም የአገልግሎት ክፍያ፣ ስሕተት ወይም ማታለል ነው። እነዚህንም በሚከተለው መንገድ መለየት ይቻላል።

1ኛ. ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገንዘቡን ልክ በወረቀት መጻፍ። ቀጥሎም በዚያ ቀን ገንዘብ የላከ ወይም የስልክ ካርድ የሞላ ሰው እንዳለ ቤተሰቡን መጠየቅ።

2ኛ. ሒሳቡን ማስላት። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ባንክ በሚቀበለው የአገልግሎት ክፍያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ለምሳሌ አንድ ሰው 4,000 ብር ቢልክና ክፍያው 10 ብር ቢሆን፣ ታክሱ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አስቀድሞ 9,000 ብር ከነበረው 4,988 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀረዋል። ጥቂት ሳንቲም ወይም ብር ከጎደለ ሌላ በሕግ የሚታሰብ ክፍያ እንዳለ ባንኩን መጠየቅ ነው።

3ኛ. መልእክቱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ። አታላዮች «በስሕተት ገንዘብ ልከንልዎታልና ይመልሱልን» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ይልካሉ። ስለዚህ መልእክቱን ሳይሆን በሒሳቡ ውስጥ ያለውን ቀሪ ገንዘብ መመልከት ይገባል።

4ኛ. ወጪው አሁንም ካልታወቀ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንኩ ማስታወቅ። የንግድ ባንክ ደንበኛ በ951 ይደውላል፤ ወይም ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ ሒሳቡ እንዲታገድለት፣ የሒሳብ መግለጫም እንዲሰጠው ይጠይቃል። አቤቱታውን በጽሑፍ አቅርቦ ቅጂውን ይያዝ። በመልእክቱ ላይ ወደ ተጻፈው ቁጥር ግን አይደወልም። የሚስጥር ቁጥርም የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል እንኳ አይነገርም፤ እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቅምና።

ስሕተት በባንክ በኩልም ይደርሳል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በንግድ ባንክ አሠራር ላይ በደረሰ ችግር ብዙ ደንበኞች፣ ከእነርሱም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የእነርሱ ያልሆነ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን ገለጠ፤ እያንዳንዱ ወጪ ተመዝግቦ ስለ ነበረም ከወሳጆቹ አብዛኛውን አስመለሰ። ከዚህ የምንረዳው ያው መዝገብ ገንዘቡ ለጎደለበት ሰውም ምስክር እንደሚሆን ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ አታላይ የሚፈልገው የእኛን መደንገጥና መቸኮል ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ለወላጆቻችን መልእክት ስናነብ ረጋ ብለን እናንብብ፤ ቁጥሩን እናስላ፤ ያልገባንንም ገብቶናል አንበል።