የጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ ሲጎድል ስለሚደረገው ምርመራ

ከሐይቅ ዳር ወደ ጽሕፈት ቤት ከሚመጡት ማመልከቻዎች አንዱ «የጀልባው ሞተር ተቃጥሏልና ሌላ ይገዛልን» የሚለው ነው። ማመልከቻው የቀረበለት ሹም የሞተርን ጠባይ የማያውቅ እንደ ሆነ ወይ አምኖ ይፈርማል፥ ወይ ተጠራጥሮ ይመልሳል። በፊተኛው የማኅበሩ ገንዘብ ይባክናል፤ በኋለኛው ደግሞ ሰዎች ሕመሙ ባልታወቀ ሞተር ወደ ጥልቁ ውኃ ይወጣሉ፥ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣም መመለሻ ያጣሉ። የሞተሩ መቃጠል ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመዳፍ ውስጥ ከምትያዝ የጎማ መዘውር ወይም በውኃ መግቢያው ላይ ከተለጠፈ ሣር ነው። ሞተሩ በሐይቅ መካከል ሆኖ በውኃ ጥም ይሞታል ማለት ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ከፍታ ለሞተር ነገር አለው፤ በዚህ ስፍራ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለ ሆነ፥ ውኃ የጎደለበት ሞተር በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ እዚህ ፈጥኖ እንፋሎት ያወጣል። ሐይቁ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ይህም ሆኖ ውኃው እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ ጨዋማ አይደለም። በእነዚያ ሐይቆች የዋለ ሞተር ማታ በንጹሕ ውኃ መታጠብ የሚገባው ሲሆን፥ በሐዋሳ ግን የሞተሩ ጠላት ጭቃ፥ ቄጠማ፥ የተበጠሰ የመረብ ክርና ጎርፍ ከከተማው የሚያወርደው ፌስታል ነው። ጉማሬ ለማየት የሚመጡትን እንግዶች የሚያመላልሱት ጀልባዎች ደግሞ በቄጠማው ዳር፥ ጥልቀት በሌለው ስፍራ፥ ሞተሩን ቀስ አድርገው እያዞሩ ይቆማሉ። ይህ ለጉማሬው ትሕትና ነው፤ ለሞተሩ ግን ከዚህ የከፋ ሥራ የለም።

በአየር የሚበርዱትን እጅግ ትንንሾች ትቶ፥ በጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ራዲያተር የለውም። መኪና አንዱን ውኃ ይዞ እየደጋገመ ይጠቀምበታል፤ የጀልባ ሞተር ግን አዲስ ውኃ ከሐይቁ እየሳበ መልሶ ለሐይቁ ይሰጣል። በኖርዌይ የተወለደው ኦሌ ኤቪንሩድ በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ሞተሩን ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ ይህ መሠረት አልተለወጠም። በዛሬዎቹ ሞተሮች ውኃው በሞተሩ እግር ጎን ባለው ወንፊት ይገባል፤ ከዚያ በላይ ባለው ፓምፕ ውስጥ ክንፎች ያሉት የጎማ መዘውር ይገፋዋል፤ በቀጭን ቧንቧ ወጥቶ ሲሊንደሩን ይዞርና ከጢሱ ጋራ ይወርዳል። ከዚህም ውኃ ጥቂቱ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ይህ ለነጂው ምልክት እንዲሆን የተደረገ ስለ ሆነ፥ ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር ፊቱን መልሶ ሊያየው ይገባል።

ምልክቱ ውኃ የሳሳ ወይም የቆመ እንደ ሆነ ከምርመራው ሁሉ በፊት ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። «ዳር እስክንደርስ» ብሎ መንዳት ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋራ ያጣብቃል። በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይገባም፤ ራሱ እስኪበርድ በመቅዘፊያ መሄድ ይሻላል።

ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፥ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። አስቀድሞ ሞተሩ በእውነት መጋሉ ይለያል፤ በሲሊንደሩ ራስ ላይ ያረፈ አንድ ጠብታ ውኃ ወዲያው ተንጫጭቶ ከተነነ ግሏል። ሳይግል ምልክቱ ብቻ ቆሞ እንደ ሆነ የተደፈነችው ያችው ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ብዙ ቀን በቆመ ሞተር ላይ ነፍሳት ቤት ይሠሩባታልና በወፍራም የናይለን ክር ትጠረጋለች። ግሎ ከሆነ የሞተሩን እግር ከውኃ አውጥቶ ወንፊቱን ማየት ነው። ወንፊቱን የሸፈነ ፌስታል ሞተሩ ሲጠፋ ራሱ ሊወድቅ ስለሚችል፥ «ምንም አላገኘሁም» የሚለውን ነጂ እንደ ሐሰተኛ መቁጠር አይገባም። ቀጥሎ የሞተሩ አቀማመጥ ይታያል፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋራ ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ሞተሩ ከፍ ብሎ የታሰረ ወይም ጭነቱ ሁሉ ወደ ፊት የተደረገ እንደ ሆነ ወንፊቱ አየር ይስባል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ነገሩ ከፓምፑ ነው። ሞተሩ ቀስ ሲል የጎማው ክንፎች ግድግዳውን እየተሻሹ ውኃውን ይጨምቁታል፤ ሲፈጥን ግን ክንፎቹ ይጎነበሱና ውኃው በሽክርክሪቱ ኃይል ይወረወራል። ስለዚህ ያረጀ ጎማ አስቀድሞ የሚታወቀው ሞተሩ ቀስ ሲል ነው፤ ሲፈጥን ምልክቱ ይበረታል፥ ነጂውም ይታለላል። ጉማሬ ዳር የሚቆሙት ጀልባዎች የሚጎዱት በዚህ ነው። ጎማውን ፈጥኖ የሚገድለው ጭቃ መሳብና ያለ ውኃ መዞር ነው፤ «እንደሚነሣ ልየው» ተብሎ በደረቅ መሬት ላይ የተነሣ ሞተር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጎማው ሊበላሽ ይችላል። የሚሞከረው ፕሮፔለሩ ወልቆ፥ እግሩም ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ ገብቶ ነው።

ፓምፑ ሲፈታ ክንፎቹ ይቆጠራሉ። አንዱ ተቆርጦ የጠፋ እንደ ሆነ ቁራጩ ወደ ላይ ወጥቶ ከቧንቧው ወይም ከሲሊንደሩ ዙሪያ ተቀርቅሮ ይሆናልና፥ ሳይፈለግ አዲስ ጎማ ማግባት ከንቱ ድካም ነው። ክንፎቹ ሙሉ ሆነው ተጎንብሰው የቀሩ ወይም የተሰነጠቁ ከሆነም ይለወጣል። ጎማውን ከዘንጉ ጋራ የሚይዘው ትንሽ ብረት በቦታው መኖሩ፥ የፓምፑም ግድግዳ አለመቦርቦሩ ይመረመራል። አዲሱ ጎማ በሳሙና ውኃ ረጥቦ፥ ዘንጉ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እየዞረ ይገባል። እግሩ ሲገጠም ቀጭኑ ቧንቧ በፓምፑ አፍ ውስጥ በትክክል መግባቱን ማየት ያሻል፤ አዲስ ጎማ ገብቶለት ውኃ እንቢ ያለ ሞተር ሲገኝ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ስሕተት ነው።

ምልክቱ በኃይል እየወጣ ሞተሩ የሚግልበት ጊዜም አለ፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። በብዙ ሞተሮች ምልክቱ ውኃ የሚወጣው ከቴርሞስታቱ በፊት ስለ ሆነ፥ ለፓምፑ ይመሰክራል እንጂ ለሲሊንደሩ አይመሰክርም። ቴርሞስታት ውኃው እስኪሞቅ መንገዱን ዘግቶ የሚቆይ በር ነው፤ እንደ ተዘጋ ከቀረ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው ውኃ አይለወጥም። ወልቆ በድስት ውኃ ውስጥ በክር ተንጠልጥሎ ይሞቃል፤ ውኃው እስኪፈላ ካልተከፈተ ይጣላል። አንዳንድ ሰዎች ፈጽሞ አውጥተውት ይነዳሉ፤ ይህ መፍትሔ አይደለም፥ ከልክ በላይ የበረደ ሞተር ነዳጁን በሚገባ ስለማያነድ ካንዴላው ይጠቁራል። ቴርሞስታቱ ደኅና ከሆነ የቀረው በውኃው መንገድ ላይ የተጋገረ ጭቃ ነው፤ ያን ጊዜ የሲሊንደሩ ራስ ተከፍቶ ይጠረጋል፥ ጓርኒሲዮኑም በአዲስ ይለወጣል። ይህ ለመካኒክ የሚተው ሥራ ነው።

እንግዲህ «ተቃጥሏል» የሚል ማመልከቻ በቀረበ ጊዜ ሹሙ ምልክቱ ውኃ እንዴት እንደ ነበረ፥ ሞተሩ ወዲያው ጠፍቶ እንደ ሆነ፥ ጎማውም መቼ እንደ ተለወጠ ይጠይቅ። ጎማ በዓመት አንድ ጊዜ፥ ጭቃ በበዛበት ስፍራ ግን ከዚያ ቀድሞ መለወጥ ስላለበት፥ ቀኑ በነዳጁ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ማኅበሩ ትርፍ ጎማ በመጋዘን እንዲያኖር፥ ማንኛውም ጀልባ ያለ ሁለት መቅዘፊያ እንዳይወጣ ማዘዝም የሹሙ ፈንታ ነው። ከበረደ በኋላ እንኳ ገመዱ አልሳብ ያለ፥ ፒስተኑ የተጣበቀ ሞተር ግን በጎማ አይድንም፤ ስለ እርሱ የቀረበው ማመልከቻ እውነተኛ ነው።