እንሰት ለምርት ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል? የዕድሜ አቆጣጠር ጥያቄ

እንሰት ለምርት ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል ይባላል። አኃዙ ስሕተት ባይሆንም ቆጠራው ከየት እንደተጀመረና የት እንዳበቃ ካልተገለጸ ለንጽጽር አይበቃም።

የመነሻው ልዩነት የሚመነጨው ከአረባቡ ነው። ገበሬው እንሰትን በአብዛኛው የሚያራባው በዘር ሳይሆን በአሚቾ፣ ማለትም ከመሬት በታች በሚገኘው ወፍራም ግንድ ነው። ያልደረሰ ተክል ተነቅሎ የላይኛው ክፍሉ ይቆረጣል፤ የአሚቾው መካከለኛ የዕድገት ነጥብ ተፈልፍሎ ይወጣና አሚቾው ከፍግ ጋር ይቀበራል። በዚህ ጊዜ በጎኑ ያሉት እምቡጦች ነቅተው በርካታ ችግኞች ይሰጣሉ። ችግኞቹ አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ተነጣጥለው ይተከላሉ፤ እንደ ጉራጌ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ቋሚ ቦታ እስኪይዙ ድረስ ደጋግመው ይዛወራሉ። በመሆኑም በቋሚ ማሳ 4 ዓመት የቆየ ተክል፣ አሚቾው ከተቀበረበት ጊዜ ቢቆጠር 6 ወይም 7 ዓመት ሊሆነው ይችላል።

ፍጻሜውም እንዲሁ አሻሚ ነው። እንሰት በዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦና አፍርቶ ይሞታል። በአሚቾውና በሐሰተኛው ግንዱ የሚያከማቸው ስታርች አበባው ብቅ በሚልበት ወቅት ግድም ከፍተኛ መጠን ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ክምችቱ ለአበባውና ለፍሬው ይውላል። ስለዚህ የአበባው መውጣት ግልጽ የመድረስ ምልክት ነው። ሆኖም ገበሬው ሁልጊዜ አበባውን አይጠብቅም፤ እህል ባነሰበት ዓመት ያልደረሰውንም ይፍቃል። እንሰት የረኃብ መከታ የተባለው በዚሁ ነው። ነገር ግን ተተኪው ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ያለ ጊዜው የተፋቀ እንሰት የመጪዎቹን ዓመታት ቆጮ ያጎድላል።

በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ጊዜ የአየር ጠባይ፣ የተክሉ ዓይነትና አያያዙ ይወስኑታል። በሞቃት ቦታ ተክሉ ፈጥኖ ሲደርስ በብርዳማው ደጋ ይዘገያል፤ ተደጋጋሚ ዝውውርም የማበቢያ ጊዜውን ያራዝማል።

ጉዳዩ በአጠውልግ በሽታ ማሳው ለተመታበት ቤተሰብ የህልውና ጥያቄ ነው። ከቋሚ ተከላ የተቆጠረ «4 ዓመት» አሚቾ ቀብሮ ለሚጀምር ገበሬ ቢነገረው፣ የሚጠብቀው ምርት ሁለትና ሦስት ዓመት ይዘገይበታል። ስለዚህ የእንሰትን ዕድሜ የሚዘግብ ጥናት አሚቾው የተቀበረበትን፣ ችግኙ የተነጠለበትንና ቋሚ ቦታ የያዘበትን ጊዜ ለይቶ ሊጠቅስ፣ የተፋቀውም ከአበባ በፊት ይሁን በአበባ ወቅት ሊገልጽ ይገባል።