የሐና ስጦታ



ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ልጅ ያድጋልና የአምናው ልብስ ለዘንድሮ አይበቃም። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት «አሁን ምን ያህል አድጎ ይሆን?» ብላ ማሰብ ነበረባት። በእጅ የተሠራ ስጦታ ክብሩ ይህ ነው፤ ሠሪው ተቀባዩን እያሰበ ይሠራዋል።

በላንጋኖ አካባቢ የአርሲ እናቶች የወተት ዕቃቸውን በዛጎልና በጨሌ ያስጌጣሉ። ሌሎች እናቶቻችን ደግሞ ስንደዶ ቀልመው፣ አክርማ አዘጋጅተው፣ በወስፌ ሙዳይና መሶብ ይሰፋሉ። አጠገባቸው ተቀምጠን ሙያቸውን ብንማር ያ ራሱ ለእነርሱ ስጦታ ነው። ወንድሞችም እንጨት ቅረጹ፤ ባስልኤልን በእጅ ጥበብ የሞላው እግዚአብሔር ነው (ዘጸ. 31፥2-5)።

እኔ ለአያቴ ሙዳይ መስፋት ጀምሬ «ነገ እጨርሰዋለሁ» እያልሁ ሳዘገይ እርሳቸው ዐረፉ። ሙዳዩ እስከ ዛሬ ክዳን የለውም። እናንተ ግን ስፌቱ ቢጣመምም ጨርሱት፤ በሕይወት ሳሉም በእጃቸው አስረክቡ።

ለውይይት፦ በቤታችሁ ስጦታ እየተገባው ሳይታሰብ የቀረ ማን ነው? ለእርሱስ ምን ትሠሩለታላችሁ?