ሼክስፒር «ማክቤዝ»ን የጻፈባት ለንደን

«ማክቤዝ»ን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉምም ሆነ በእንግሊዝኛው ያነበበ ሰው፣ ገጸ ባሕርያቱ ስለ ጨለማ እየደጋገሙ ማውራታቸውን ሳያስተውል አይቀርም። አንዱ ጨረቃዋ መጥለቋን ይናገራል፤ ሌላው ከዋክብት እንዲሸሸጉለት ይመኛል፤ ነፍሰ ገዳዮቹ ሳይቀሩ የምሽቱን መቃረብ ያነሳሉ። ይህን ሁሉ ምን አመጣው?

መልሱ ያለው ቲያትር ቤቱ ውስጥ ነው። የሼክስፒር ቡድን ይጫወትበት የነበረው ግሎብ እ.ኤ.አ. በ1599 ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ የለንደን ከተማ ሹማምንት ትእዛዝ በማይደርስበት በሳውዝዋርክ ተሠራ። መሐሉ ጣሪያ የሌለው ግቢ ነበር። ትርኢቱ የሚጀመረው ከቀትር በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ፔኒ ከፍሎ ግቢው ውስጥ የቆመው ሕዝብ የንጉሥ ደንከንን የሌሊት ግድያ የሚከታተለው ፀሐይ አናቱ ላይ እያለች ነበር። መብራት የሚያደበዝዝለት ባለሙያ አልነበረም። ተዋናዩ የሚይዘው ችቦ እንኳ «መሽቷል» ለማለት እንጂ ለማብራት አይደለም። ሌሊቱን የሚያመጣው ቃል ነው፤ የሼክስፒር ግጥም በዓይን በሚታይ ነገር የተሞላው በከፊል በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ከዚያ ደግሞ ንጉሡ አለ። በ1603 ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትሞት የስኮትላንዱ ጄምስ የእንግሊዝንም ዙፋን ወረሰ፤ የሼክስፒርን የተዋንያን ቡድንም «የንጉሡ ሰዎች» አሰኘው። ጄምስ የዘር ሐረጉን በተውኔቱ ውስጥ የማክቤዝ ጓድ ከሆነው ከባንኮ ይቆጥር ነበር። ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ሲሆን፣ እዚያ ላይ ባንኮ በደንከን ግድያ የማክቤዝ ግብረ አበር ነው። በተውኔቱ ግን ንጹሕ ሰው ሆኖ ይሞታል። የንጉሡን ቅድመ አያት በንጉሡ ፊት ነፍሰ ገዳይ ማድረግ የሚሞከር አልነበረም። ይሁን እንጂ ለውጡን ማቆላመጥ ብቻ ብሎ ማለፍ ደራሲውን ማሳነስ ነው። ሁለቱም የጠንቋዮቹን የንግሥና ትንቢት በአንድነት ሰምተው፣ አንዱ ብቻ ጩቤ ሲመዝ፣ ጥፋቱ የጠንቋዮቹ ሳይሆን የማክቤዝ የራሱ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጠንቋዮቹም ቢሆኑ ለዚያ ዘመን ሰው ተረት አልነበሩም። ጄምስ በ1590 ሙሽራይቱን ይዞ ከዴንማርክ ሲመለስ ባሕር ላይ ማዕበል መታው፤ ማዕበሉን አስነሥተዋል የተባሉ ሰዎች ሲመረመሩም ራሱ ተገኝቶ ጠየቀ። በ1597 ስለ ጥንቆላ መጽሐፍ አሳተመ። ስለዚህ በመድረኩ ላይ አንዷ ጠንቋይ አንድን መርከበኛ በማዕበል ለማንገላታት ስትዝት፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን ፍርሃት ነው የሚሰማው።

ለዛሬ አንባቢ በጣም የሚከብደው ግን የሰካራሙ በረኛ ቀልድ ነው። ንጉሡ በተገደለ ማግስት፣ በረኛው የገሃነምን ደጅ የሚጠብቅ መስሎ በሁለት ምላስ የሚምል ሰውን ይቀበላል። ተውኔቱ የተጻፈው በ1606 ገደማ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 1605 ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማጋየት የተጠነሰሰው ሴራ ከሽፎ ነበር። በሴራው ሰበብ በ1606 ከተሰቀሉት አንዱ ኢየሱሳዊው ካህን ሄንሪ ጋርኔት ነው። ጋርኔት በምርመራ ላይ ያለ ሰው ሳይዋሽ እውነቱን የሚሸሽግበትን አነጋገር ደግፎ ጽፏል፤ ችሎት ፊትም ይኸው ተነሥቶበታል። ለንደን ስለዚህ ጉዳይ እያወራች ነበር፤ የበረኛው ቀልድም የሚነካው ይህንኑ ነው።

አሁን የጠንቋዮቹን ትንቢት መለስ ብሎ ማየት ነው። ከሴት የተወለደ እንደማይጎዳው፣ የበርናም ጫካ ተነሥቶ እስኪመጣበት እንደማይሸነፍ ለማክቤዝ ይነገረዋል። ቃል በቃል ውሸት የለበትም፤ እውነቱን ግን ይሸሽጋል። የበርናም ጫካ መንቀሳቀሱ ሲነገረው ማክቤዝ የሚያማርረው እውነት በሚመስል ነገር ስለዋሸው ሰይጣን ነው፤ ያንን አነጋገር ሰካራሙ በረኛ ከሦስት ገቢር በፊት በስሙ ጠርቶታል።